ዊንዶውስ 10 ላይ የቆመው ኮምፒውተራችሁ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

 የዛሬው ዝግጅታችን በቢሯችሁ፣ በሱቃችሁ፣ በፎቶ ኮፒ ቤታችሁ ወይም በመኖሪያ ቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ ስላለው ኮምፒውተር ነው። በተለይ የምናነሳው ኮምፒውተሩን ስትከፍቱት ቀድሞ የሚነሳውን፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ ተሸክሞ የሚያሠራውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረውን የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ በድሬዳዋ ከከዚራ እስከ መጋላ ዊንዶውስ 10 የሚጠቀም ሰው ሁሉ አንድ ውሳኔ ይጠብቀዋል፤ ዊንዶውስ 11 ላስጭን? ወይስ ባለበት ይቆይ?

እኔ የማምንበትን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ውሳኔው ኮምፒውተሩ በሚሠራው ሥራና በውስጡ በተቀመጠው የሰው መረጃ መለካት አለበት። የሌላ ሰው መረጃ የያዘ፣ ኢንተርኔትም የሚገባ ማሽን ጥገናው በቆመ ሲስተም ላይ መቆየት የለበትም። ከኢንተርኔት ተለይቶ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ማሽን ግን ሳይነካ ቢቆይ የሚከፋ ነገር የለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ብዙ ነውና ሰፋ አድርገን እንየው።

መጀመሪያ ግን «አቁሟል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ። ዊንዶውስ 10 በዚያ ቀን አልሞተም። ኮምፒውተራችሁ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ፋይሎቻችሁም በቦታቸው ናቸው። የቀረው በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ይመጣ የነበረው የደኅንነት ጥገና ነው። ሰው የጻፈው ፕሮግራም ሁሉ የተደበቀ ስህተት አያጣም። አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ይሆናል። ቀዳዳው ሲታወቅ ኩባንያው ጥገናውን ሠርቶ ይልካል፤ ኮምፒውተራችሁም «አፕዴት» ብሎ ይቀበላል። ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 ብዙ የውስጥ ክፍላቸው አንድ ነው። ስለዚህ ለ11 የተላከውን ጥገና ከፍቶ የሚመረምር አጥቂ፣ በ10 ላይ ያልተደፈነው ቀዳዳ የት እንዳለ ከጥገናው ራሱ ሊማር ይችላል። ጊዜው በገፋ ቁጥር አደጋው የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ ድሬዎች አሮጌ ማሽንን አክብሮ ማሠራት እናውቅበታለን። የምድር ባቡሩ ዋና ወርክሾፕ እዚህ ነበር። የወርክሾፑ ሠራተኞች ከውጭ የማይመጣውን መለዋወጫ ራሳቸው ቀርጸውና አበጅተው ያረጀውን ባቡር ለዓመታት በሐዲዱ ላይ አቆይተውታል። ይህ የሚያኮራ ሙያ ነው። ችግሩ ግን ይህ ሙያ በዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ብረት ሲሰበር ይታያል፤ ለክቶ መሥራት ይቻላል። የዊንዶውስ የውስጥ ጽሑፍ ግን የተዘጋ ነው፣ ቀዳዳውን በዋናነት የሚደፍንለት ማይክሮሶፍት ራሱ ነው። ታይዋን ገበያ ውስጥ ያለው ጎበዝ ቴክኒሻን ስክሪን ይቀይርላችኋል፣ ማዘርቦርድ ይጠግንላችኋል፤ የደኅንነት ጥገና ግን ሊሠራላችሁ አይችልም።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ጥገና ያላገኘ ኮምፒውተር ምን ሊደርስበት እንደሚችል ዓለም በአንድ አርብ ቀን አይቷል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ተለቀቀ። ፋይሎችን በምስጢር ቁልፍ ይቆልፍና «300 ዶላር በቢትኮይን ካልከፈላችሁ አልከፍትም» የሚል ጽሑፍ ያወጣ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ላይ ባደረሰው መስተጓጎል ወደ 19 ሺህ የሚጠጋ የሕክምና ቀጠሮ እንደተሰረዘ ተገምቷል።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ያንን ቀዳዳ የሚደፍነውን ጥገና የላከው ቫይረሱ ከመነሳቱ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ነበር። በብዛት የተጠቁትም በዊንዶውስ 7 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ናቸው። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ያኔ ጥገናው ገና አልቆመም፤ የቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ጥገናው ነበረ፣ ግን አልተጫነም።

ይህን የማነሳው በእኛ ከተማ በጣም ስለሚመለከተን ነው። ኮምፒውተር ፎርማት ስታስደርጉ «አፕዴቱን ዘግቼልሃለሁ፣ ዳታህን እንዳይበላብህ» የሚል ቴክኒሻን ያልገጠመው ማን አለ? ለደንበኛው አስቦ ነው፣ ይገባኛል፤ የሞባይል ዳታ ገንዘብ ነው። ውጤቱ ግን ዊንዶውስ 10 ከመቆሙ በፊትም ለዓመታት ጥገና ያልነካው ኮምፒውተር ይዘን መቀመጣችን ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ስሙ 10ም ይሁን 11 ያው ነው። ዊንዶውስ 11 አስጭናችሁ በዚያው ቀን አፕዴቱን የምታዘጉ ከሆነ ድካሙም ወጪውም ለምን?

«ክራክ» ስለሚባለውም በግልጽ እንነጋገር። ዊንዶውስን ሳይገዙ ለማሠራት የሚጫነው ትንሽ ፕሮግራም፣ ሥራውን እንዲሠራ መጀመሪያ የቫይረስ መከላከያውን አጥፉ ይላችኋል። ቤቱን ለማያውቁት ሰው ከፍቶ መሄድ ማለት ይሄ ነው። ብዙ ቫይረስ የሚገባው በዚህ በር ነው። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ላለው ሰው ወደ 11 ማሳደግ በነጻ ነው፤ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የመጣ ፈቃድም ይቆጠራል። ስለዚህ «አክቲቬት ላድርግልህ» ከመባላችሁ በፊት ፈቃዱ ቀድሞም አብሮት እንዳለ አረጋግጡ።

አሁን ወረቀትና እስክርቢቶ አቅርቡ። የእናንተ ኮምፒውተር የት እንዳለ በራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ ሳትለቁ «አር» የሚለውን ፊደል ንኩ። ትንሽ ሳጥን ይወጣል። እዚያ ላይ በላቲን ፊደል ደብልዩ፣ አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኢ፣ አር ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ልድገመው፤ ደብልዩ፣ አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኢ፣ አር። የሚወጣው መስኮት ዊንዶውስ 10 መሆኑንና የስንተኛው ዕትም እንደሆነ ይነግራችኋል። የዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ዕትም «22 ኤች 2» ይባላል። ከዚያ በታች ከሆናችሁ አፕዴታችሁ ከቆመ ቆይቷል ማለት ነው።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ቀጥሎ ማሽኑ ራሱ 11ን ይሸከማል ወይ? ዊንዶውስ 11 መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ ሰው ያናደደው በጠየቀው መስፈርት ነበር። 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ቦታ መጠየቁ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለው፣ የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ ክፍል ነው፤ ይህ በብዙ ላፕቶፕ ላይ አለ፣ ግን ከባዮሱ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል «የለም» ቢላችሁ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ ነው። ኢንቴል ከሆነ ከጥቂቶች በስተቀር ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት።

ይህ ለድሬ ገዢ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ እዚህ የሚሸጠው ላፕቶፕ ብዙው ስላይትሊ ዩዝድ ነውና። ኤች ፒ ኤሊትቡክ 840ን እንውሰድ። ጂ 3 የተባለው ስድስተኛ ትውልድ ነው፣ ጂ 4 ሰባተኛ፣ ጂ 5 ደግሞ በአብዛኛው ስምንተኛ። ከውጭ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው፤ በይፋ ዊንዶውስ 11ን የሚቀበለው ግን ስምንተኛ ትውልድ የሆነው ጂ 5 ነው። ፕሮሰሰሩን ከስሙ ለማወቅ «ኮር አይ 5» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ፤ 6 ብሎ የሚጀምር አራት አሃዝ ስድስተኛ ትውልድ፣ 8 ብሎ የሚጀምር ስምንተኛ ትውልድ ነው።

ሻጩ «ዊንዶውስ 11 አለው» ብሎ ቢያሳያችሁ ያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። መስፈርቱን እየዘለለ 11ን በአሮጌ ማሽን ላይ የሚጭን መንገድ አለ፤ ቴክኒሻኖቻችንም አሳምረው ያውቁታል። እንዲህ የተጫነ 11 ይሠራል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አልገባም። ለደኅንነት ብላችሁ ያስጫናችሁት ሲስተም ደኅንነቱ በዕድል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ስለዚህ ዋጋ ስትከራከሩ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ይዛችሁ ተከራከሩ፤ ስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ በስምንተኛ ዋጋ አይገዛም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ኮምፒውተሩ ስለዘገየ ብቻ አዲስ ዊንዶውስ ማስጫኑ ነው። ዝግመቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከሚሽከረከረው አሮጌ ሀርድ ዲስክ፣ ከራም ማነስና ከሙቀት ነው። የድሬን ሙቀትና አቧራ ታውቁታላችሁ። የላፕቶፑ ማራገቢያ አቧራ ከጠጣ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያዘገያል። ማራገቢያውን አስጸድታችሁ ሀርድ ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ ብታስቀይሩ ልዩነቱን በዚያው ቀን ታዩታላችሁ፤ ዊንዶውስ መቀየር ብቻውን ይህን አያደርግም።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን የእኛ አገር ሰው ከማንም በላይ ሊጠነቀቅበት ወደሚገባው እንምጣ። የውጭ አገር ምክር ሰጪዎች ይህን አይነግሩንም፣ ችግሩ የእነሱ አይደለምና። የመጀመሪያው ፊደላችን ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በየመሥሪያ ቤቱ አማርኛ የተጻፈው በልዩ ልዩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ነበር፤ እያንዳንዱም ሀ እና ለን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ሰነድ የተጻፈበት ፎንት ከሌለ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ብቻ ይሆናል። የሃያ ዓመት ውል፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመሬት ማመልከቻ ወይም የዕድር መዝገብ በእንዲህ ዓይነት ፎንት የተጻፈበት ጽሕፈት ቤት ካላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ከመፎርማቱ በፊት የፎንቶቹን ማኅደር ወደ ፍላሽ ገልብጡ። የፕሮግራሙን መጫኛም ፈልጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ቢያንስ ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች በፒ ዲ ኤፍ አውጡ፤ ፒ ዲ ኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ መሄድ ስለሚችል ወደፊት በየትኛውም ሲስተም ላይ ይነበባል። አቦ፣ ይህን ሳታደርጉ «ፎርማት አድርገው» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ!

በዩኒኮድ የተጻፈው እንኳ ጥቂት ያስቸግራል። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ያመጣው ኒያላ የተባለው ፎንት በዊንዶውስ 10ም በ11ም ውስጥ እንደ ተጨማሪ ነገር ነው የተቀመጠው፤ ካልጠየቃችሁት ላይጫን ይችላል። ኒያላ ሲጎድል ኮምፒውተሩ ኤብሪማን በመሰለ ሌላ ፎንት ይተካዋል። ፊደሉ ይነበባል፣ ግን የመስመሩ ርዝመት ይለወጥና የገጹ አቀማመጥ ይዘበራረቃል፤ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ፊርማው ብቻውን ወደ ሁለተኛ ገጽ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። በሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አማርኛን በቋንቋዎች ዝርዝር ላይ ጨምሩ፣ ተጨማሪውን የኢትዮጵያ ፎንትም አብራችሁ አስጭኑ።

ሁለተኛው የሒሳብ መዝገብ ነው። በአገራችን ያለ የሒሳብ ባለሙያ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ያውቀዋል። ስሙ ወደ ሴጅ 50 ከተቀየረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በየነጋዴው ቢሮ ግን አሁንም እ.ኤ.አ. የ2010 ዕትምን የመሰለ አሮጌ ፒችትሪ ይሠራል። ያ ዕትም ሲሠራ፣ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10 ራሱ አልነበረም፤ 11ማ ጨርሶ አልታሰበም። አንዳንዱ ማሽን ላይ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ላይ የመረጃ ቋቱ አልነሳም ይላል። ስለዚህ የግብር ማሳወቂያ ወቅት ሲደርስ ኮምፒውተር ማሳደግ የለባችሁም። ባክአፑን በሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ከፍታችሁ፣ የዓመቱ ሚዛን ትክክል መሆኑን ካያችሁ በኋላ ብቻ ዋናውን ንኩ። የሽያጭ ማሽን፣ የባርኮድ ማንበቢያ፣ ያረጀ ፕሪንተርና ስካነር ያላችሁም እንዲሁ፤ ለ11 የሚሆን ድራይቨር መኖሩን አስቀድማችሁ ፈልጉ።

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እንግዲህ ማሽናችሁ 11ን የማይሸከም፣ አዲስ ለመግዛትም አቅም የማይፈቅድ ከሆነስ? ላፕቶፑን መጣል የለባችሁም።

ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የደኅንነት ጥገናውን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያራዝም ምዝገባ አዘጋጅቷል። ዕትሙ 22 ኤች 2 መሆን አለበት፤ በማይክሮሶፍት አካውንትም መግባት ያስፈልጋል። የኮምፒውተራችሁን ሴቲንግ ከአካውንቱ ጋር ካስተሳሰራችሁ ያለ ክፍያ፣ ካልፈለጋችሁ ደግሞ በ30 ዶላር ነው። አንዱ ምዝገባ በአንድ አካውንት እስከ 10 ኮምፒውተር ያገለግላል። በአፕዴት ገጻችሁ ላይ የመመዝገቢያው ጽሑፍ ከታያችሁ ዛሬውኑ ተመዝገቡ፤ ለማሰብና ገንዘብ ለማጠራቀም ጊዜ ይሰጣችኋል። ለድርጅቶች የተዘጋጀው ግን በአንድ ኮምፒውተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱም እጥፍ ይሆናል። በዚህ ዋጋ ለአሮጌ ማሽን ዶላር መክፈል ለእኛ አገር መሥሪያ ቤት አያዋጣም ባይ ነኝ።

ሌላው መንገድ ሊኑክስ ነው። የተዘጋ ጽሑፍ የለውም፤ በነጻ ይወርዳል፣ ማንም ፈቃድ አይጠይቅበትም። ሊኑክስ ሚንት 22 እስከ 2021 ዓ.ም. የደኅንነት ጥገና ያገኛል፤ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይም ደኅና ይሄዳል። አማርኛ ለመጻፍ ኪማን የተባለው ነጻ የፊደል ገበታ ይሠራበታል፤ ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ሊብሬኦፊስ አለ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለኢንተርኔት ማንበቢያና ለኢሜል ለምትጠቀሙበት ማሽን ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። ፒችትሪ ለሚያሠራ ቢሮ ግን አልመክርም፤ በላዩ አይጫንም። ለመሞከር ኮምፒውተራችሁን መፎርማት አያስፈልግም፤ ከፍላሽ ላይ አስነስታችሁ፣ ዋይፋዩና ፕሪንተሩ መሥራቱን አይታችሁ መዝጋት ትችላላችሁ።

ለማሳደግ ከወሰናችሁ ስለ ቀኑ ጥቂት ልጨምር። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን መጀመሪያ ለሙከራ የከፈተው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በእኛ በድሬዳዋ ነበር፤ ዛሬ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር የምናወዳድረው አማራጭ አለንና የሌሊትና የሳምንት ጥቅሎችን አነጻጽሩ። ሦስት አራት ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ፋይሉን ከማይክሮሶፍት ገጽ አንዴ አውርዶ በፍላሽ ለሁሉም ቢጠቀምበት ዳታው አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። ሥራው ሲጀመር ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል።

ፋይሎቻችሁን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የሚቀመጥ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ይሁን። የተሰካውን ዲስክ እንደ ዋናክራይ ያለ ቫይረስ አብሮ ይቆልፈዋል። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ከዜሮ ሲጫን ዲስኩን በራሱ በምስጢር ሊቆልፈው ስለሚችል፣ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ከአካውንታችሁ አውጥታችሁ በወረቀት ጻፉት። የቴክኒሻኑን ኢሜል ሳይሆን የራሳችሁን አካውንት ተጠቀሙ፤ አለዚያ ቁጥሩ በሰው እጅ ነው። ከዊንዶውስ 10 በቀጥታ ያሳደጋችሁ ደግሞ ካልተመቻችሁ ወደ 10 ለመመለስ 10 ቀን አላችሁ። በእነዚያ 10 ቀናት ውስጥ ፕሪንተሩን፣ የአማርኛ ሰነዱን፣ የሒሳብ መዝገቡን አንድ በአንድ ከፍታችሁ ፈትኑ። ከዚያ በኋላ የመመለሻው ፋይል ይጠፋል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)